የበለዘ ጥርስና የሚደማ ድድ

አዳማ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው የቀለም ጉዳይ ነው። ከንፈሩን በጣቱ ገለጥ ያደርግና «ይሄ ቡኒው ሲታጠብ ይለቃል?» ይላል። ስለ ድዱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቢጠየቅም «ስቦርሽ ትንሽ ይደማል፣ እሱ እንኳ ድሮም አለ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። የበለዘው ጥርስ ታሪኩ በልጅነት ያለቀ ነው። ደሙ ግን ዛሬ፣ አሁን እየሆነ ያለ ነገር ነው፤ አዋቂ ሰው ጥርሱን ከሚያጣባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱም የሚጀምረው እዚያ ነው።

የሆነ ሆኖ ቀለሙ ብዙ ሰው አንገቱን ደፍቶ እንዲስቅ ስላደረገ ከእሱ ልጀምር።

አዳማ ያለችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከሥሯ ያለው ዐለት የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በዚያ ዐለት ውስጥ ለረጅም ዘመን፣ ከታች በሚመጣ ሙቀት እየጋለ ሲዘዋወር ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ያሟሟል። ሙቀቱ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ሶደሬ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውስጥ ግን ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው አሉ። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው የበለዘው በዚህ ምክንያት ነው። ባለመቦረሽ የመጣ አይደለም። ይህን ደግሜ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ስንት ልጅ በትምህርት ቤት «ጥርስህን አትታጠብም እንዴ?» እየተባለ አፉን ሸፍኖ አድጓል።

ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው። የጥርስን ነጭ ሽፋን የሚሠሩት ሕዋሳት ፍሎራይድ ሲበዛባቸው ሥራቸውን በደንብ አይጨርሱም፤ ሽፋኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ስፖንጅ መሰል ይሆናል። ጥርሱ ሲወጣ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ሰንበር ይታይበታል፤ ከዚያ ቀለም እየመጠጠ ወደ ቢጫና ቡናማ ይሄዳል። በጣም የከፋው ደግሞ ይሸረፋል። ለፊት ጥርሶች አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዓመታት ነው፤ ከጥበብ ጥርስ በስተቀር ለሌሎቹ እስከ 8 ዓመት ገደማ ይዘልቃል። ስለዚህ ካደገ በኋላ ወደ አዳማ የመጣ ሰው በውሃው ምክንያት ጥርሱ አይበልዝም። የሁለት ዓመት ልጁ ግን ሊበልዝበት ይችላል።

ታዲያ ልጅ ምን ይጠጣ? እናት ራሷ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣም ወደ ጡቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን የተጠበቀ ነው። ጣጣው የሚመጣው የዱቄት ወተት፣ አጥሚትና ሻይ ሲጀመር ነው። የከተማው ቧንቧ ውሃ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ የሚጣራ በመሆኑ ፍሎራይዱ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ በብዙ ያነሰ ነው። ውሃ ጠፍቶ በቦቴ ወይም በጄሪካን ሲገዛ ግን «ከየት ነው የተቀዳው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉድጓድ ከሆነ ለልብስና ለዕቃ ይሁን፣ ለሕፃኑ የቧንቧው ወይም የዝናቡ ውሃ ይቀመጥለት። ማፍላት አይረዳም፤ ፍሎራይድ ከእንፋሎቱ ጋር አይወጣም፣ ውሃው ሲያንስ ጭራሽ ይከማቻል። የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም፣ ተራው የሸክላ ማጣሪያም አይነካውም። የሚቀንሱት ለዚሁ የተሠሩ ማጣሪያዎች ናቸው፤ ከከሰለ የከብት አጥንት የሚሠራው አንዱ ነው። የሻይ ቅጠል በራሱ ፍሎራይድ የሚሰበስብ ተክል ስለሆነ፣ በጉድጓድ ውሃ የፈላ ሻይ በጡጦ ለሕፃን መስጠት በእጥፍ መጉዳት ነው።

የበለዘውን ጥርስ በተመለከተ ሐኪም ቤት የሚደረገው እጥበት አያነሣውም። እጥበት ከጥርሱ ላይ የተለጠፈውን ነው የሚያወርደው፤ ይህ ቀለም ደግሞ ጥርሱ ውስጥ ነው። በከሰል፣ በአመድ፣ በጨው፣ በሎሚ መፈግፈግም ያንኑ የሳሳ ሽፋን ይበላዋል፤ ሎሚው በአሲዱ፣ አመዱና ከሰሉ በሻካራነታቸው። የሚረዳው እንደ ጥልቀቱ ይለያያል። ላይ ላዩን ለሆነ ቀለም ሐኪሙ በልዩ አሲድና በሻካራ ዱቄት በጣም ስስ ንጣፍ ይፍቃል። ብሊች የሚባለው ማንጫ ይጨመርበታል፤ መጀመሪያ ላይ ነጩ ነጠብጣብ ከበፊቱ ጎልቶ እንደሚታይ አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ ያስደነግጣል። ጥልቅ ለሆነው በብርሃን በሚደርቅ ነጭ ሙሌት የፊቱን ገጽ መሸፈን፣ ወይም ስስ የፖርሴሊን ልባስ ማስለጠፍ ነው፤ እነዚህ ገንዘብም ጊዜም ይጠይቃሉ። «በአንድ ቀን ነጭ እናደርጋለን» ብሎ ምን እንደሚቀባ የማይናገር ሰው ዘንድ አፋችሁን አትክፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መደናገር አለ። «ፍሎራይድ ካበላሸው ፍሎራይድ ያለበትን ኮልጌት ለምን እጠቀማለሁ?» ይባላል። በልጅነት የተዋጠ ፍሎራይድና ጥርስ ላይ ተቀብቶ የሚተፋ ፍሎራይድ ሥራቸው ለየቅል ነው። ሁለተኛው የሳሳውን ሽፋን ያጠነክራል፣ መቦርቦርንም ይከላከላል። የበለዘ ጥርስ አይቦረቦርም የሚለውም እውነት አይደለም፤ የተሸረፈው ቦታ ላይ ምግብ ይቀመጣል። አዋቂ ሰው ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (በሚሊዮን ውስጥ ያለ ድርሻ) ፍሎራይድ ያለውን ሳሙና ይጠቀም፤ ቁጥሩ ቱቦው ጀርባ ላይ ተጽፏል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአንዲት ሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ያህል በቂ ነው፤ እሱንም ወላጅ እየጨመቀ፣ ልጁ እንዲተፋ እያደረገ። ቱቦውን ለልጁ መስጠት አይገባም፤ የሚጣፍጠውን ሳሙና ይልሰዋል።

አሁን ወደ ደሙ።

ጤነኛ ድድ ሲቦርሹት አይደማም። እጅ ሲታጠብ ቢደማ ማን ዝም ይላል? ከጥርሱና ከድዱ መገናኛ ላይ በምላስ ሲነካ የሚያሟልጭ፣ በጥፍር ሲፋቅ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ልጥፍ አለ፤ ፕላክ ይባላል፤ የምግብ ትራፊ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ያለ የባክቴሪያ ክምር ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ይደራጃል፤ ካልተነሣ ከምራቅ ውስጥ ባለው ካልሲየም ከጥቂት ቀናት ጀምሮ እየጠጠረ ይሄዳል። ጠጣሩ ታርታር ነው፤ ድስት ሥር እንደሚጋገር ኖራ የሚመስል፣ በብሩሽ የማይነቃነቅ። በብዛት የሚገኘው የምራቅ ቧንቧ በሚከፈትበት በታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባና በላይኛው መንጋጋ ጉንጭ በኩል ነው። ድዱ ያንን ልጥፍ ለመዋጋት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። እስከዚህ ድረስ ይመለሳል፤ በደንብ ከተጸዳ በአንድ ሁለት ሳምንት ደሙ ይቆማል። ካልተጸዳ ግን እብጠቱ ወደ ሥር ወርዶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል፤ አጥንት አንዴ ከተበላ በቀላሉ አይመለስም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለውም። ሰው የሚነቃው ጥርሱ ሲነቃነቅ፣ ወይም በፊት ጥርሶቹ መካከል ክፍተት ሲፈጠር ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ትምባሆው የድዱን ደም ሥር ስለሚያጠብ በሽታው እያለበት ላይደማ ይችላል፤ ደም አለማየቱ አያጽናናው። ድዷን የተነቀሰች እናትም ንቅሳቱ መቅላቱን ስለሚሸፍነው በቀለም አትፍረድ፤ ብሩሿ ላይ ደም መኖሩንና ድዱ ማበጡን ትይ።

ሲደማ ብዙ ሰው የሚያደርገው ቦታውን መተው ነው፤ «እንዳይቆስል» ብሎ። ይህ በትክክል ተቃራኒው ነው። የሚደማው ቦታ ያልጸዳው ቦታ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ያዙ። ጠንካራው ድድን ያሸሻል፣ የጥርሱንም አንገት እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ብሩሹን እንደ እስክሪብቶ በጣት ጫፍ መያዝ ጉልበቱን ይቀንሳል። ጸጉሩን ወደ ድዱ አዘንብላችሁ፣ ግማሹ ድድ ላይ ግማሹ ጥርስ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፤ እዚያው ቦታ አሥር ጊዜ ያህል በትንንሹ ነቅንቁት፤ ከዚያ ወደ ጥርሱ ጫፍ ጥረጉት፤ ሁለት ሦስት ጥርስ እያላችሁ ቀጥሉ። የሚረሳው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የታችኛው መንጋጋ የምላስ በኩል። ከእሱ የሚጀምር ሰው አይረሳውም። ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ በቀን ሁለቴ፤ ከሁለቱ ግን የማታው አይዘለል። ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው ያለ ከልካይ ያድራል። ሲጨርሱ መትፋት ነው፤ በውሃ አሥር ጊዜ መጉመጥመጥ ፍሎራይዱን አጥቦ ይወስደዋል። ጸጉሩ ከተንጨባረረ፣ ወይም ሦስት ወር ከሞላው ብሩሹ ይጣል።

መፋቂያን የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቅም። ወይራውም ክትክታውም በሚገባ ከተያዘ የጥርስን ገጽ ያጸዳል። አጠቃቀሙ ላይ ነው ነገሩ። ጫፉ እስኪለሰልስ ታኝኮ ጸጉር ሲያወጣ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ መሄድ አለበት። ባስ ሲጠብቁ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አግድም መፈግፈጉ ነው ድዱን የሚያሸሸው። በየቀኑ የተበጣጠሰው ጫፍ ተቆርጦ አዲስ ይታኘክ። ሁለት ድክመት አለው፤ ጀርባ በኩል አይደርስም፣ ፍሎራይድም የለውም። ስለዚህ ቀን መፋቂያ፣ ማታ ብሩሽና ሳሙና ቢሆን ምንም አይጣላም።

በጥርስና በጥርስ መካከል ሁለቱም አይገቡም። ሥጋ የበላ ሁሉ ስቴኪኒ ይዞ ይወጣል፣ ግን ስቴኪኒ በኃይል ሲገፋ በመካከል ያለችውን ሦስት ማዕዘን ድድ ወደ ታች ይጨፈልቃታል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ይበልጥ ምግብ ይገባል፣ ይበልጥ ስቴኪኒ ይፈለጋል። ፍሎስ የሚባለውን የጥርስ ክር ከትልልቅ ፋርማሲዎች መግዛት ይቻላል። ክንድ ያህል ቆርጣችሁ መካከለኛ ጣቶች ላይ ጠቅልሉ፤ በቀስታ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ አሳልፉት፤ ከዚያ አንደኛውን ጥርስ እቅፍ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቀጥሎ ሌላኛውን። ፈንዲሻ ከበላችሁ በኋላ አንድ ቦታ ድዱ ድንገት አብጦ ካመመ፣ ያቺ ስስ ቡናማ ገለባ ድድ ሥር ገብታ ሊሆን ይችላል። ክር ያወጣታል፣ መርፌ ግን አይግባበት።

እጥበት የሚፈራው «ጥርስ ያነቃንቃል፣ ያሳሳል» ስለሚባል ነው። የሚታየው ነገር እውነት ነው፣ ትርጉሙ ነው የተሳተው። ታርታሩ ለዓመታት በጥርሶቹ መካከል ተጋግሮ እንደ ሲሚንቶ ይዟቸው ነበር፤ ሲነሣ አጥንቱ ቀድሞ መበላቱ ይገለጣል። ያበጠው ድድ ሲሟሽሽ ክፍተት ይታያል፤ ተሸፍኖ የነበረው ሥር ለአየር ሲጋለጥ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ ይነዝራል። መሣሪያው በንዝረትና በውሃ ስለሚሠራ በአግባቡ ከተያዘ ጥርስን አይፈገፍግም። ድዱ ጤነኛ የሆነ ሰው በዓመት አንዴ ይበቃዋል፤ ስኳር ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ወይም አጥንቱ የተበላ ሰው በየሦስት በየስድስት ወሩ ቢታይ ይሻላል። ስኳር በሽታና የድድ በሽታ እርስ በርስ ነው የሚደጋገፉት፤ አንዱ ሲከፋ ሌላውም ይከፋል።

ስለ ስኳር ብዙ ይባላል፣ ግን ዋናው መጠኑ ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹ ነው። ጣፋጭ በተቀመሰ ቁጥር ባክቴሪያው አሲድ ይሠራል፤ ምራቅ አሲዱን ለማርከስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንድ ለስላሳ ከምግብ ጋር የጠጣ ሰው አንድ ጥቃት ደረሰበት፤ ያንኑ ጠርሙስ በአዳማ ሙቀት ከሰዓት በሙሉ ፉት እያለ የዋለ ግን ቀኑን ሙሉ ጥርሱን አሲድ ውስጥ ነክሮ ዋለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስኳር በዝቶባቸው ሲራዘሙም እንዲሁ ነው። የሚከፋው ጫት ነው፤ አፍ ይደርቃል፣ ስኳሩና ለስላሳው ለሰዓታት ይቀጥላል፣ ገረባው በአንድ ጉንጭ ተወጥሮ ይውላል። በዚያ ጉንጭ በኩል ያሉት መንጋጋዎች ድዳቸው ሸሽቶ፣ አንገታቸው ተበልቶ ይገኛል። ለመተው ያልቻለ ሰው ቢያንስ ጣፋጩን በውሃ ይተካ፣ ሳይቦርሽ አይተኛ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምም ሆነ ሮመዳን የያዘ ሰው አፉ ስለሚደርቅ፣ ማታና ከሱሁር በኋላ ያለውን ብሩሽ አጥብቆ ይያዝ።

ጥርስ ሲያም፣ ሕመሙን መስማት ያስፈልጋል። ቀዝቃዛ ሲነካው ነዝሮ በሰከንዶች የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሙሌት ይድናል። ለደቂቃዎች የሚቆይ፣ ሳይነኩት የሚጀምር፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ነርቩ እየሞተ ነው፤ የሥር ሕክምና ወይም ነቀላ ይፈልጋል። ድንገት ጥፍት ካለ ደግሞ አልዳነም፤ ነርቩ ሞቶ ቁስሉ ወደ አጥንት እያለፈ ነው። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ እዚህ አይሠራም፤ መድኃኒት የሚሄደው በደም ነው፣ የሞተ ነርቭ ውስጥ ደም አይገባም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥለዋል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄና ቤንዚንም እንዲሁ። ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ፓራሲታሞል መዋጥ፣ በለብታ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ ይቻላል። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ትኩሳት ካለ፣ ያ የቀጠሮ ነገር አይደለም፤ መተንፈሻ ሊዘጋ ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ስትሄዱ በልታችሁ ሂዱ፤ ባዶ ሆድና ፍርሃት ተደምረው ነው ብዙ ሰው ወንበር ላይ የሚያዞረው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን እንደወትሮው ውሰዱ። የምትወስዱትን ክኒን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የፔኒሲሊን አለርጂ፣ እርግዝና፣ የልብ ቫልቭ ችግር ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ቫልቭ የተተካለት ሰው ከነቀላና ከእጥበት በፊት አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ነፍሰ ጡር መታከም አትችልም የሚባለው ስሕተት ነው፤ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ምቹ ጊዜ ነው፣ ለሚያጣድፍ ነገር ግን የትኛውም ወር አይከለክልም። መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት ሲከፈት ማየት፣ መርፌው አዲስ መሆኑን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጥሩ ሐኪም አይቀየምም። በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያልቆየ መሣሪያ፣ በፈላ ውሃ ቢነከርም ንጹሕ አይባልም። ከረጢቱ ላይ በሙቀት ቀለሙን የሚቀይር ምልክት አለ። ማደንዘዣው ሲገባ ልብ ለትንሽ ጊዜ በፍጥነት ቢመታ ከውስጡ ያለው አድሬናሊን ነው። የላይኛውን ጥርስ መነቀል ዓይን ያጠፋል የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም።

ከነቀላ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ፋሻ ማለት ነው፤ መመሪያው ሁሉ እሱን ለማትረፍ ነው። ሐኪሙ ቁስሉ ላይ ያስቀመጠውን ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ለ30 ደቂቃ ያህል ነክሶ መያዝ፣ በየደቂቃው አውጥቶ አለማየት። ለ24 ሰዓት አለመጉመጥመጥ፣ አለመትፋት፣ በስትሮው አለመምጠጥ፣ አለማጨስ። ድንዛዜው እስኪለቅ ትኩስ ነገር አይጠጣ፣ ልጅ ከሆነም ከንፈሩን እንዳያኝክ ይጠበቅ። በማግሥቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙቶ በቀስታ መጉመጥመጥ ይጀመራል። ሕመሙ እየቀነሰ ሄዶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወደ ጆሮ እየነዘረ፣ አፍ እየሸተተ ከተመለሰ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተራቁቷል ማለት ነው። ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፤ አጥቦ መድኃኒት ያስቀምጥላችኋል፣ ሕመሙም በዚያው ቀን ይቀንሳል።

የልጆችን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚከብደኝ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ እየተበጣ የጥርስ ፍሬ የሚወጣበት ልማድ እስከ ዛሬ አለ። ያ ነጭ እብጠት ትል ወይም በሽታ አይደለም፤ ገና ያልወጣ የወተት ክራንቻ ነው። ባልጸዳ መሣሪያ ሲወጣ ልጁን ለመድማት፣ ለመመረዝ፣ ለቲታነስ ያጋልጣል፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ክራንቻም ተጎድቶ ይቀራል። የሚያስቀምጠው ልጅ የሚያስፈልገው በውሃ የሚበጠበጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) እና ጤና ጣቢያ ነው።

ሌላው በዝምታ የሚጠፋው የስድስት ዓመቱ መንጋጋ ነው። ይህ ጥርስ የሚወጣው የወተት ጥርስ ሳይወልቅ፣ ከሁሉም ኋላ ነው፤ ስለዚህ ወላጅ «የወተት ነው፣ ይወልቃል» ብሎ ይተወዋል። አይወልቅም፤ ዕድሜ ልክ የተሰጠ ነው። ልጁ ስድስት ዓመት ሲጠጋ ወደ መስኮት ብርሃን አዙሩትና በማንኪያ እጀታ ጉንጩን ገለጥ አድርጉ። ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ኋላ ሰፊ፣ ጎድጎድ ያለ ጥርስ ከድዱ ብቅ ብሎ ካያችሁ እሱ ነው። ከጎረቤቱ ዝቅ ስለሚል ብሩሽ በቀጥታ ሲሄድ ሳይነካው ያልፋል፤ ስለዚህ ብሩሹን ከጉንጭ በኩል አግድም አስገብታችሁ ያቺን አንዲት ጥርስ ለብቻዋ፣ ከጎረቤቶቿ እኩል እስክትሆን ድረስ፣ በየማታው ቦርሹለት።